የትንፋሽ መንገድ ሥሩ የት ነው?

አንድ ማለዳ በፓምባ ወንዝ የጀልባ ማረፊያ፣ የመንደራችንን አዛውንት የአዩርቬዳ (የጥንቱ የዕፅዋት ሕክምና) ሐኪም ኩንጁኒን ደረታቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ትንፋሻቸው ሲር ሲር ይላል። አጠገባቸው የእህታቸው ልጅ ማላቪካ፣ በቅርቡ በዘመናዊ ሕክምና የተመረቀችው፣ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት ይዛ ቆማለች።

«መምህር፣ እንኳን መጡልኝ» አለችኝ። «አጎቴን ይምከሩልኝ። ዛሬ ወንዙ ማዶ ባለው ቤተ መቅደስ የልጅ ልጃቸውን የመጀመሪያ ሩዝ ሊያጎርሱ ነው፤ በዚህ ትንፋሽ የቤተ መቅደሱን ደረጃ እንዴት ይወጡታል?»

«በቆርቆሮ የታሸገ ነፋስ አልውጥም» አሉ አዛውንቱ በየቃሉ እያረፉ። «የትንፋሽ መንገድ ሥሩ ልብና ሆድ ነው። ሆዴ ሲጸዳ ይለቀኛል።»

«በልጅነቴ፣ መንገዱ ሲታመም ምን ይሆናል ብለው ነበር ያስተማሩኝ?» አለች ማላቪካ።

«አክታ ያጠበዋል። ነፋሱም መውጫ ያጣል።»

«እኛም የተማርነው ከዚህ አይርቅም። ግን ሬሳ ከፍተን መንገዱን በዓይናችን አየነው። ከጉሮሮ ወርዶ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠነ ሳንባ ውስጥ ይገባል እንጂ ሆድ አይደርስም። አሁን ቅርንጫፎቹ ተኮማትረውብዎታል፤ ይህ ያላላቸዋል።»

«እንግዲያው የጥንቶቹ ዋሹ በያ።»

«ኧረ አልዋሹም። ሳንባ አየር የሰጠውን ደም የሚረጨው ልብ ነው። ሆድም ቢሆን፣ ማታ ጠግበው ሲተኙ አሲዱ ሽቅብ እየመጣ አስሙን ያባብሰዋል። የጥንቶቹ የሳንባን ጎረቤቶች አውቀዋል፤ ቤቱን ራሱን ነው የሳቱት።»

አዛውንቱ ሣቅ አመለጣቸው፤ ሣቁ ሳል ሆነ። እኔም፣ «ሐኪም ሆይ፣ ዕውቀት ዕድሜ አይመርጥም፤ ልጅቷም የእጅዎ ፍሬ ናት» አልኳቸው።

«አምጪው እንግዲህ። እሷው በሣቅ ልትገድለኝ ነው።»

እንዳሳየቻቸው ሳቡት፤ ትንፋሻቸውን ያዝ አድርገው ለቀቁ። ጥቂት ቆይቶ ሲርሲርታው ረገበ፣ ፊታቸውም ወዛ። ወንዙን ተሻግረን ደረጃውን ስንወጣ፣ ስለ ዝንጅብል ጥቅም እየተከራከሯት ነበር። ሕፃኗ የጎረሰችውን ሩዝ ባቀፋት አጎቷ ሸሚዝ ላይ ስትተፋው ከሁላችን በላይ የሣቁት ኩንጁኒ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ኩንጁኒ ራታቸውን ቀለል አድርገው በጊዜ ይበላሉ፤ ከጭስ ይርቃሉ፤ መድኃኒቱን ከኪሳቸው አይለዩም። ደረቱ ሲር ሲር የሚል ሕመምተኛ ሲመጣም ሳይውል ሳያድር ወደ ማላቪካ ይልኩታል። በዚህም ስንቱ ከመታፈን ዳነ። አንድ ቀን አንዱ ተንኮለኛ፣ «ታዲያ በልጅ ተሸነፉ?» ቢላቸው፣

«የተሸነፈውስ አስሙ ነው» አሉት።