ከመኪናው የማልወርድበት ምክንያት

እስኪ አንዴ ጸጥ በሉ። ማይኩ እኔ እጅ የገባው ሌላ ደፋር ስለጠፋ ነው። ሥራ አስኪያጃችን «አጭር አድርገው» ብለውኛል፤ እኔም «እሺ» ብያለሁ። የኔ እሺ ምን ማለት እንደሆነ እሳቸው አይጠፋቸውም። እኛ ለደንበኛ «ኔትወርኩ ዛሬ ይስተካከላል» ስንል እንደምንለው ያለ እሺ ነው።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ እኔ የጥገናው መኪና ሹፌር ነኝ። እዚህ ፊት ለፊቴ በሴት ልጁና በኬኩ መሀል ተጨናንቆ የተቀመጠው ደግሞ ጋሼ ታወር ነው። የስልክ ታወር ላይ እየወጣ ሲጠግን ዕድሜውን ጨርሶ ዛሬ ጡረታ የሚወጣ ሰው ነው። እኔ ታች ሆኜ እሱን ስጠብቅ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ቁመቱን ያየ ሁሉ ይገባዋል። ጋሼ፣ ቆመህ አሳያቸው እልህ ነበር፣ ግን ብትቆምም ብዙ ለውጥ የለውም።

መጀመሪያ የመጣህ ቀን ዕቃ ክፍሉ የደህንነት ቀበቶ ሰጠህ። ቀበቶው ሁለቴ ዞሮህ ተረፈ። ታወሩ ሥር ሳደርስህ አንገትህን ቀና አድርገህ ብዙ ቆየህና፣

«ሊፍቱ በየት በኩል ነው?» አልከኝ።

እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «በጀርባ በኩል ነው፤ ዞር በልና ታገኘዋለህ» አልኩህ።

እውነትም ዞርክ። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ ሳቄ ሊገድለኝ ደረሰ። ተመልሰህ መጣህና ፊትህን ኮስተር አድርገህ፣

«አገኘሁት፤ ተበላሽቷል። ጠባቂው አንተ መሆንህን ሳይ መጠርጠር ነበረብኝ» ብለህ በእግርህ ወጣህ።

ያን ጊዜ ነው አቻዬን እንዳገኘሁ የገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ሰው ኔትወርክ የሚባል ነገር ተከትሎት ያልገባበት ቦታ የለም። የሰፈሩ ሰው ሰላም አይለውም፤ «ዳታዬ ሳልጠቀምበት ለምን ያልቃል?» ነው የሚለው። አንዴ ጥርሱን ሊነቀል ሄዶ አብሬው ገብቼ ነበር። ሐኪሙ አፉን በልቅጦ ከፍቶ፣ መርፌውን ወግቶ፣ ጉጠቱን ካስገባ በኋላ ምን ቢለው ጥሩ ነው?

«ለመሆኑ እዚህ ክሊኒክ ውስጥ ኢንተርኔቱ ለምን ይንቀራፈፋል?»

ጋሼ፣ «አአአ» አልክ።

«እኛም የምንሰማው መልስ እሱን ነው» አለህና ነቀለው።

ስለ ዘመናዊ ስልክ ያለህን አስተያየት ደግሞ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። ልጅህ ውድ ስልክ ላከችልህ። ስልኩ ፊትህን ካላየ አልከፈትም አለ። አንተ ደግሞ ከታወር ስትወርድ አቧራ ለብሰህ፣ ሄልሜት ደፍተህ ነው። ስልኩ አላውቅህም አለ። «የገዛ ቤቴ በር እንኳ ፊቴን ካላየሁ አልከፈትም አይለኝም፤ ቁልፍ ካለኝ ይበቃዋል! ይሄ ማን ነኝ ብሎ ነው?» ብለህ ሳጥኑ ውስጥ መለስከው። ያቺ በላስቲክ የታሰረች ባለቁልፍ ስልክህ ይኸው እስከ ዛሬ ከደረት ኪስህ አልወረደችም። የይለፍ ቃል ሲሉህ ትቆጣለህ። መተግበሪያው «እባክዎ ያድሱኝ» ሲልህ፣ «እኔን ማን አደሰኝ?» ትላለህ። በስልክ የምትመልሰውን ማሽን ግን ታከብራታለህ። «አንድን ይጫኑ» ስትልህ «እሺ እመቤቴ» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ ሥራህ ልምጣ። ሌላው ባለሙያ ጠግኖ ሲጨርስ መለኪያውን አይቶ ይሄዳል። አንተ መለኪያ አታምንም። ታች ወርደህ ከታወሩ ጥላ ሥር በጣም የተደበቀውን ቤት መርጠህ ታንኳኳለህ። «እዚህ ቤት ውስጥ ኔትወርክ የሚጠፋው የት ላይ ነው?» ትላለህ። «ጓዳ» ይሉሃል። «እንግዲያው ጓዳ ግቡና ደውሉ። ለምትወዱት ሰው አይደለም፤ መደወል ለከበዳችሁ ሰው።» ያ ሰው ካነሳና ድምፁ ከተሰማ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ካልሆነ እንደገና ትወጣለህ።

አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ከእህቷ ጋር ተኳርፋ፣ «ኔትወርክ እምቢ ብሎኝ ነው እንጂ እደውል ነበር» እያለች ዓመታት አሳልፋለች። ጓዳ አስገብተህ አስደወልካት። እህትየው አነሳች። ወዲያው የድሮው ጠብ ካቆመበት ቀጠለ፤ ጩኸቱ መኪናው ድረስ መጣ። አንተ የጓዳው በር ላይ ቆመህ አዳመጥክና፣ «ጥራቱ በጣም ጥሩ ነው፤ አንድም ስድብ አልተቆረጠም» ብለህ መዘገብክ። ስንወጣ ግን ሁለቱም እያለቀሱ ነበር።

እኔንም አንድ ቀን የሰው ጓዳ አስገብተህ ለወንድሜ አስደወልከኝ። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ብዙ አልቆየም። ስለዚህ ነገር አመስግኜህ አላውቅም። አሁን አመሰግንሃለሁ።

ቆይ፣ ውሃ ልጠጣ።

ከሥራችን ደንቦች አንዱን ለእንግዶቹ ልንገራቸው። ታወር ላይ የሚወጣ ሰው ስልኩን ታች ትቶ ነው። የሱ ስልክ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ላይ ላለ ሰው ደግሞ ምንም ዓይነት የቤት ወሬ አይነገረውም፤ ጥሩም ይሁን መጥፎ። ሐሳቡ ከተከፈለ እጁ ይላላል። ባለቤቱ እትዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ደንብ አትወደውም ነበር።

«ወረደ?» ትለኛለች ደውላ።

«አልወረደም፣ እትዬ።»

«አምፖል ይዞ እንዲመጣ ጮኸህ ንገረው።»

«አምፖልም ቢሆን ሲወርድ ነው፣ እትዬ።»

«እናንተ ሰዎች ስልክ ነው የምትሠሩት ወይስ ስልክ ነው የምትደብቁት?»

ደግሞም ለመቆጣት መብት ነበራት። የዚህ ሁሉ ሰው ኔትወርክ ጠጋኝ የራሱ ቤት ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ኔትወርክ አይደርሰውም። አንድ ጊዜ እትዬ ጎረቤት ሄዳ ለማሽኗ አቤቱታዋን አሰማች። ማሽኗም «ባለሙያ እንልካለን» አለች። በማግሥቱ የሥራ ትእዛዙ ወጣ። ለማን? የአካባቢው ባለሙያ ማን ሆነና! ጋሼን ጭኜ ወደ ገዛ ቤቱ ነዳሁ። የገዛ በሩን አንኳኳ። እትዬ ከፈተችና፣

«ማንን ፈለጋችሁ?» አለች፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

«ከጥገና ክፍል ነን፣ እመቤቴ። ችግሩን ለማየት ነው።»

«ችግሩን ለማየት እንኳ መስታወት ይበቃህ ነበር። ግባ!»

የኔትወርኩን ጉልበት ለካ። ጓዳ ገባ፣ ጣሪያ ወጣ። መጨረሻ ላይ «መፍትሔ የለውም» ብሎ መዘገበና ወጣን። የኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከሥራ በኋላ ለደንበኛው «ባለሙያውን በኮከብ ይመዝኑ» የሚል መልእክት ይልካል። መልእክቱ በምን ይድረስ? ኔትወርክ የለማ! እትዬ ግን ለዚህ ባለሙያ አንድ ኮከብ ሳትሰጠው እንደማትተኛ ምላ ተነሳች። ስልኩን ወደ ላይ አንስታ ግቢውን ስትዞር፣ ስትዞር፣ ልብስ ማስጫው ገመድ የታሰረበት እንጨት አጠገብ ስትደርስ ስልኩ ጢን አለ። አንድ ኮከብ ሰጠችው። አስተያየትም ጻፈች፤ «ባለሙያው ጨዋ ነው፤ ለቤቱ ግን አይረባም።»

መላው ቢሮ ያንን አስተያየት አንብቦ ስቋል። እትዬ ግን ኔትወርኩን አገኘች። እዚያች ቦታ ላይ የእንጨት ወንበር አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ለኔ ስትደውልልኝ የምትደውለው ከዚያ ወንበር ላይ ነበር።

እንግዲህ ስለኔ ስንፍና። ሁላችሁም ትስቁብኛላችሁ፤ «ያ ሹፌር ከመኪና አይወርድም፤ ከወንበሩ ጋር ተሰፍቷል» ትላላችሁ። ድሮ እውነት ነበር። ወንበሬን አስተኝቼ፣ ቆቤን ፊቴ ላይ ደፍቼ መተኛት ነበር ሥራዬ። ጋሼ ከላይ የመኪናውን ጣሪያ ብቻ ነበር የሚያየው። «ሰው ውስጡ እንዳለ የማውቀው በማንኮራፋትህ ነው» ይለኛል።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ጥርት ያለ ረፋድ ነበር። ጋሼ ጫፍ ላይ ነበር። ስልኩ ጮኸ። የእትዬ ቁጥር ነው። ገና ሳነሳው፣ «አልወረደም፣ እትዬ» አልኩ።

እትዬ አልነበረችም። ጎረቤቷ ናት፤ ወንበሩ ላይ ቆማ ነው የደወለችው። እትዬ ልብስ እያሰጣች ወድቃ፣ ሐኪም ቤት ሳያደርሷት አርፋለች።

ደንባችንን ታውቃላችሁ። አልጮኽኩም። ግን መቀመጥም አቃተኝ። በሩን ከፍቼ ወረድኩና ቆምኩ። ላይ ብሎን ሲያጠብቅ ይታየኛል። ያን ሥራ ጨረሰ። ዕቃውን ከረጢት ከተተ። ከዚያ ወደ ታች አየ።

አየኝ።

የከረጢቱን ማሰሪያ አጠበቀ። ከዚያ መውረድ ጀመረ። እንደ ሁልጊዜው፣ አንዱ እጁ ሳይዝ ሌላውን ሳይለቅ። መሬት ደረሰ፣ ቀበቶውን ፈታ፣ አጥፎ አስቀመጠ። ከዚያ፣

«ከመኪናው ወርደሃል» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

የመኪናውን በር ከፈተ። ገባ። «ንዳ» አለኝ። ነዳሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ፣ ጋሼ፣ አንተ ላይ እያለህ ከመኪና ወርጄ አላውቅም። እግሬ ሲደነዝዝ አልወረድኩም። ውሃ ሲያልቅብኝ አልወረድኩም። ሙቀቱ ሲያቀልጠኝም አልወረድኩም። ወደ ታች ስታይ የመኪናውን ጣሪያ ብቻ እንድታይ ነው፤ ጣሪያው ብቻውን ከታየ ቤት ሰላም ነው። ሰነፍ ሲሉኝ አብሬ እስቅ ነበር። ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለአንተም እንኳ።

እንደዚህ አትየኝ እንግዲህ። ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል።

ዛሬ መሥሪያ ቤታችን ሊሰጥህ ያሰበው ስጦታ ሌላ ነበር። ለአንድ ቤት የሚሆን፣ ምልክቱን ስቦ ውስጥ ድረስ የሚያስገባ ትንሽ መሣሪያ መጥቷል። ጓዳ ሁሉ ይሠራል አሉ። ልጅህ የምትኖረው ሩቅ ነው፤ ቤት ውስጥ ቢወድቅ ማን ይሰማዋል ብላ በጭንቀት ልታልቅ ነው። አንተ ግን ባለፈው ሳምንት መኪናው ውስጥ ስነግርህ፣

«ቤት ውስጥ ከሠራ ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጣል?» አልከኝ።

ይህን ለልጅህ ነገርኳት። ይኸው ዛሬም አንገቷን ደፍታለች። የኔ ልጅ፣ ቀና በይ። አባትሽ በየምሽቱ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልክሽን ይጠብቃል። በዝናብ ጃንጥላ ይዞ ይጠብቃል። እሱን ልናስነሳው አንችልም።

ስለዚህ መሣሪያው ዕቃ ክፍል ይቆያል። በፈለግክ ቀን እኔው ራሴ አመጣልሃለሁ። በምትኩ ብየዳ ሠራተኛችን ዛሬ አንተ እዚህ ከኬኩ ጋር ተጨናንቀህ ስትቀመጥ፣ ግቢህ ውስጥ ነው የዋለው። ከተፈታው አሮጌ ታወር ብረት ለወንበሩ ከለላ ሠርቶለታል። ዝናብ አይነካህም። ሁለት ሰው እንዲያስጠልል ሰፋ አድርገህ ሥራው ብዬዋለሁ።

ሁለተኛው ሰው እኔ ነኝ። ከልጅሽ ጋር ተስማምተናል፤ ይቅርታ፣ ከልጅህ ጋር። እያለቀስኩ ሳወራ ሰው ይሳሳተኛል። አንድ ምሽት ደውላ ካላነሳህ ለኔ ትደውላለች፤ እኔም እመጣለሁ። ሳትደውልም እመጣለሁ። ቤትህ ስልክ አይገባም፤ መኪና ግን ይገባል።

ስመጣ ደግሞ ከመኪናው እወርዳለሁ። በርህ ላይ ቆሜ ታየኛለህ። ያን ጊዜ እንዳትደነግጥ፣ ወንድሜ። ምንም የሆነ ነገር የለም። ምንም ወሬ ይዤ አልመጣሁም። ናፍቀኸኝ ነው።

በሉ ተነሡ፣ ብርጭቆአችሁን ያዙ። ሻይ የያዘም ሻዩን ያንሳ። ለጋሼ ታወር! ጉልበትህ ይጽናልህ፤ እንቅልፍህ ይጣፍጥልህ፤ የልጅህ ድምፅ ሳይቆራረጥ ይድረስህ። ብዙ ሰው ከጓዳው ሆኖ የናፈቀውን ድምፅ የሰማው በአንተ እጅ ነው። ስንት ጊዜ ወጥተህ ስንት ጊዜ በሰላም ወረድክልን።

አሁን ወርደሃል። እኔም ወርጃለሁ። እንጠጣ።