የተሰነጠቀው መጋጠሚያ

ከዳባት ወደ ደባርቅ በታክሲ ስንሄድ ከኋላዬ የተቀመጡት ቄስ አጠገባቸው ያለችውን ወጣት ያወሯታል።

«ሥራሽ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ሮቦት እጠግናለሁ፣ አባ። ከላይ ተንጠልጥሎ በሦስት ክንዱ ብስኩት እያነሳ ካርቶን ውስጥ ይደረድራል።»

«እሱም ይታመማል?»

«የክንዱ መጋጠሚያ ያልቃል። ባለፈው ወር ድምፁ አላማረኝም። አቁሜ ልቀይርለት ስል አለቃዬ ‹ሥራ ተደራርቧል፣ እስከ ማታ ይቆይ› አለኝ።»

«እሺ አልሽ?»

«እንዴት እሺ ልበል? አጠገቡ ቆማ የምትሠራው ነፍሰ ጡር ጓደኛዬ ናት። ማጥፊያውን ተጫንኩት።»

«አልተቆጣም?»

«‹ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ› አለኝ። ስፈታው መጋጠሚያው እጄ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ክንዱ ተወርውሮ ይመታት ነበር።»

«እግዚኦ! ሰውዬውስ?»

«ሲያየው ላብ አጠመቀው። አዲሱን መጋጠሚያ ራሱ ከመጋዘን ሮጦ አመጣልኝ። ገጥሜ ሳስነሳው ያ ድምፅ ጠፋ፤ እኔም እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።»

«ጓደኛሽስ እንዴት ሆነች?»

«ለመውለድ ደባርቅ እናቷ ቤት መጥታ ነበር። ትናንት ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ እሷን ልጠይቅ ነው የምሄደው።»

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት!»

ደባርቅ ስንደርስ ቀድሜ ወረድኩና ልጅቷ እስክትወርድ ድረስ የታክሲውን በር ይዤ ቆምኩ።