የማታድገዋ ኤሊ

እንደምን ዋሉ ጋሼ? ሱቅዎ ደስ ይላል... ውጭ እንደዚያ እየነፈሰ እዚህ እንዴት ይሞቃል! ለካ ከነዚህ መብራቶች ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ተጎንብሼ ስለምውል ብርድ ወገቤን ይዞኛል። ጥግ ላይ አንድ ወንበር ቢሰጡኝ ከኤሊዎችዎ ጋር እውል ነበር።

ይቺ ልጄ ናት። በትምህርቷ በርትታ፣ ምን ልግዛልሽ ብላት ኤሊ አለችኝ። ትንሽ ኤሊ። እሱ ደግሞ፣ ካርቶን ይዞ በሩ ጋ የቆመው፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ዕቃ ልያዝላችሁ ብሎ ነው የመጣው። ከእንቅልፉ ተነስቶ... ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ያው መነሳት መነሳት ነው። ግባ እንጂ ወንድምዬ፣ ብርድ ታስገባለህ። የምናወራው ስለ ኤሊ ነው።

ይቺን ነው የወደድሻት? ውይ ስታምር! መዳፍ እንኳን አትሞላም። ቆይ ሜትሬን ላውጣ... ልማድ ሆኖብኝ ነው ጋሼ፣ ያየሁትን ሁሉ እለካለሁ። ደግሞ እንዴት ጨዋ ናት! ጥግ ይዛ ቅጠሏን ብቻ። ምን ታስቸግራለች ብለው በደስታ የሚቀበሏት ዓይነት...

ምን አሉኝ? ይቺ ናት ስታድግ ይህን ጠረጴዛ የምታክለው? ግድግዳ ሥርም ትቆፍራለች? አይ... አይ ጋሼ፣ ይቅርብን። ትንሽ ሆነው ገብተው ኋላ ቤቱን የሚሞሉ... ኤሊዎች ማለቴ ነው... እኔ አልጠላቸውም። እንዲያውም ያሳዝኑኛል። በአንዲት የእጅ ቦርሳ ይመጣሉ፣ ለጥቂት ቀን ብለው... ይቅርታ፣ ለካ ኤሊ ቦርሳ የለውም። ብቻ መጀመሪያ ፍራሽ፣ ከዚያ መደርደሪያ፣ ከዚያ የክብደት ማንሻ ብረት፣ ከዚያ ያ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ስፒከር... እድገት መቼም ያስደስታል፣ አይደለም? እኔ ለሚያድግ ልጅ ሱሪ ስሰፋ ከታች አጥፌ የማስተርፈው ጨርቅ አለ፤ ሲረዝም ይለቀቅለታል። የተከራየነውን ቤት የሠሩት ሰዎች ግን እንደዚያ አላሰቡም። የሚለቀቅ እጥፋት የለውም።

ይህችኛዋስ፣ ጠፍጣፋዋ? ትሮጣለች? ኤሊ? ኮቴ ስትሰማ ሮጣ ድንጋይ መሃል ትሸጎጣለች፣ ስቦ የሚያወጣት የለም... ይገርማል። እንዲህ ያለ ተሰጥኦ ግን አይቼ አላውቅም ብል እዋሻለሁ ጋሼ። የውሃ ጀሪካን ደረጃው ሥር ደርሶ፣ ማነው የሚያወጣልኝ ብዬ ስጣራ፣ ቤታችን እንዴት ጸጥ እንደሚል ቢያዩ! ባለቤቴ ሥራ ነው፣ ልጄ ሕፃን ናት... ሌላ ሰውማ ያለ አይመስልም። ትሕትና ማለት ይሄ አይደል? መኖሩ እንዳይታወቅበት የሚጠነቀቅ ሰው ስንት አለ? ምሳ ሲቀርብ ብቻ ነው ጥንቃቄው ትንሽ የሚዘነጋው።

የሚተኙም አሉ? ብርድ ሲመጣ? ወራት ሙሉ? አይ መታደል... ከዚያ በኋላስ? ትነሳለች? ማንም ሳይቀሰቅሳት? ሰማህ ወንድምዬ፣ በራሷ ትነሳለች አሉ። እንዴት ያለች ብርቱ እንስሳ ናት! እሷን ግን አንወስድም ጋሼ። እኛ ቤት ጠዋት ጠዋት በሹክሹክታ መኖር ለምደናል... የለመድነው ግን ለአንድ ነው።

አይሳቁ ጋሼ፣ እውነቴን ነው፤ ደግ ሰው ነው። ልጄ በጣም ነው የምትወደው። ሒሳብ ሲከብዳት እሱ ነው እያሳቀ የሚያስረዳት፤ የበረታችውም በእሱ ነው። የመጣውም ሥራ ሊፈልግ ነው፣ እየፈለገም ነው። ሥራው የት እንደተደበቀ ነው እንጂ ያልታወቀው... አልጋው አካባቢ እንደሌለ ግን አሁን እርግጠኛ ሆነናል። እሱን ተኝቶ አረጋግጦልናል።

ይህችስ ትንሿ? ስታረጅም ከመዳፌ ብዙ አትበልጥም? ብርድ ሲሆንም አትተኛም? በቃ፣ ይቺ ናት የኛ። ልጄ፣ በሁለት እጅሽ ያዣት፣ ቀስ ብለሽ።

እ... መስኮት? አዎ ጋሼ፣ ትክክል ነዎት። መብራቱ ብቻ አይበቃትም፣ የፀሐይ መስኮት ያስፈልጋታል። ቦታዋ ሳይዘጋጅ አልሰጥም ቢሉም አልቀየምዎትም፤ ኃላፊነት ነው።

መስኮትማ አለን። ፀሐይ የሚገባበት አንድ መስኮት አለ፣ የልጄ ክፍል ውስጥ... የልጄ በነበረው ክፍል። እሷ አሁን የምትተኛው ሳሎን ነው፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ። ለጊዜው ነው ብለናት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከፀጉሯ ላይ የክር ቁራጭ እለቅማለሁ። ባለፈው ብርድ ልብሷን ሳራግፍ መርፌ ወደቀ። ለማንም አልተናገረችም። ከእንስሳ ሁሉ ኤሊ ለምን እንደመረጠች ታውቃለህ ወንድምዬ? እኔም ያወቅኩት ዛሬ ጠዋት ነው። ኤሊ ፀሐይ እንደምትፈልግ ትምህርት ቤት ተምራለች። "ለራሴ መስኮት ከምጠይቅ ለኤሊ ብጠይቅ አጎቴ አይቀየመኝም" አለችኝ...

የምናወራው ስለ ኤሊ ነው።

ምን አልክ? ጮክ በል፣ ጋሼም ይስሙህ... ሰሙት? መስኮቱን እለቃለሁ አለ። ዛሬውኑ! ጎሽ። አንቺ፣ አጎትሽን ሳሚው።

እና... እሱ ሳሎን ይተኛል። እንደዚያ ነው ያልከው አይደል? ሳሎን። አየህ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ይኼኔ በስሜት ተነስቶ ከቤት ልውጣላችሁ ብሎ ያስደነግጠን ነበር። እሱ ግን ይሳሳልናል፣ ቀስ በቀስ ነው። አንድ ክፍል ወደ በሩ ተጠጋ። ኤሊዋ ረጅም ዕድሜ አላት አላሉኝም ጋሼ? እንግዲህ የቀረውን እሷ ታይልናለች።

ስለ ስፌት መኪናዬ አታስብ። ንጋት ላይ ነው የማስነሳት፣ ድምጿም... ትለምደዋለህ። ልጄ ለምዳው የለ።

በሉ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። የኤሊዋን መብራት እኔ እይዛለሁ። አንቺ በሩን ክፈቺለት። ካርቶኑን ከታች ደግፈው ወንድምዬ፣ እንዳትናወጥ... እንዲህ ነው። መሸከም እንዴት ያምርብሃል!

ና፣ ሳንወጣ ልመርቅህ። ለልጄ እንዳሰብክላት ፈጣሪ ያስብልህ። ጤናህን ይጠብቅልህ። ዕድሜህን እንደ ኤሊዋ ያርዝምልህ። ቤትህንም እንደ እሷ ጀርባህ ላይ ያድርግልህ... የደረስክበት ሁሉ የራስህ ቤት ይሁን።

አሜን በል እንጂ...

ግድ የለም፣ ልጄ ብላልሃለች።