መስፍን በመዳፉ ያያት ጋላክሲ

በኛ ጊዜ ፒያሳ መብራት ሲጠፋ ሰማዩ ጣሪያችን ላይ የወረደ ነበር የሚመስለው። አሁን ያ ሰፈራችን ፈርሷል፣ እኔም ወደ ዳር ወጥቻለሁ፣ ተዉት። ታዲያ ያኔ ጊዮርጊስ አጠገብ መነፅር ቤት እሠራ ነበር፣ እና መስፍን የሚባል ባልደረባ ነበረኝ፤ እኔ ፍሬም እገጥማለሁ፣ እሱ መስታወቱን ይሞርዳል። ይሄ ሰው ሰማይ ሲወድ፣ ምን ልበላችሁ።

መጀመሪያ አንዲት አሮጌ ቴሌስኮፕ ገዛ፣ አፏ የሻይ ብርጭቆ የሚያክል። ቤቱ ሰገነት ላይ አወጣኝና "ያቺን እያት፣ ጋላክሲ ናት፣ የከዋክብት አገር" አለኝ። አየሁ።

"መስፍን፣ ይሄ እኮ መነፅር ላይ የተነፈሱበት ጉም ነው" አልኩት።

"ክንድ አላት፣ እንደ አዙሪት የተጠማዘዘ፣ መጽሐፍ ላይ አይቻታለሁ። ቴሌስኮፑ አንሶ ነው" አለ።

ታዲያ ቆይቶ ሳህን የሚያክል አገኘ፣ አየን፤ ጉሙ ደመቀ፣ መሃሉ ፍም መሰለ፣ ክንድ ግን የለም። "እንግዲህ ራሴ እሠራለሁ" አለ፣ እና ከሥራ እየተመለሰ ትሪ የሚያክል ወፍራም መስታወት ሲፈትግ፣ ሲፈትግ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ሚስቱ እንዲህ ወገቧን ይዛ "እኔን ትቶ መስታወት አገባ" ትለኝ ነበር።

እኔ ያላወቅኩት ምን መሰላችሁ? ዓይኑ እየደከመ ነበር። የዓይን ግፊት ይዞታል፣ ሐኪም ነግሮታል፣ እሱ ለሰው አልተናገረም።

ታዲያ አንድ የሚያዝያ ምሽት ራት ሳንበላ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋ፣ ሰገነቱ ላይ ወጣን። መስፍን የሠራውን ቴሌስኮፕ በልምዱ አነጣጠረና ብዙ ቆየ። "አየኋት" አለ። "ክንዶቿን አየኋቸው።"

እኔ ጠጋ ብዬ ባይ ሁለት ተራ ኮከብ ብቻ። "መስፍን፣ እዚህ እኮ ምንም የለም" አልኩት።

ከቴሌስኮፑ ዞር አለ። ከዚያ "ሲመሽ ምንም አይታየኝም" አለኝ። "ካመት በላይ ሆነኝ። ይሄን ሁሉ ለፍቼ አላየሁም ማለት አቃተኝ። አንተ ፈልግልኝ፤ ጭልፋ የሚመስሉት ሰባት ኮከቦች፣ ከእጀታው ጫፍ ትንሽ አለፍ።"

ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፣ እና መጣች። ልጆች፣ ማኪያቶ ላይ ወተቱ ሲዞር አይታችኋል? እንደዚያ። ሁለት ክንድ፣ እየዞረ የሚሄድ። እጁን ያዝኩና ያየሁትን መዳፉ ላይ በጣቴ ሳልኩለት።

"አጠገቧ ትንሽ እህት ጋላክሲ አለቻት?" አለኝ።

"አለች። ባንዱ ክንዷ ይዛታለች።"

"እንግዲያው ትክክል ነው የሠራሁት" አለና አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ።

በነጋታው መነፅር ቤት "አየኋት፣ እንደ ማኪያቶ ወተት ትዞራለች" እያለ ለገባው ደንበኛ ሁሉ ሲያወራ ዋለ። በኔው አፍ፣ ከኔ አሳምሮ። እኔ ፍሬሜን እገጥማለሁ።

"አባባ፣ አላየም ብለው ለሰው አልተናገሩም?"

"አሁን አፈር ከለበሰ በኋላ ለናንተ ተናገርኩ። ደሞስ ማን ነው አላየም ያለሽ?"