ብርሃን ተቀባዩና የወናጎው ድንኳን

እትዬ መነን፣ እንደምን ዋሉ? ዝናቡ ዛሬስ ፋታ ሰጠን አይደል? ልጆቹ ደህና ናቸው? ትልቁ ልጅዎ ሐዋሳ ትምህርቱን ሊጨርስ ነው አሉ… እሰይ፣ ለወግ ለማዕረግ ደረሰ ማለት ነው። ሁለት የባትሪ ድንጋይ ፈልጌ ነበር። አይቸኩሉ፣ እኔም አልቸኩልም። ከውስጥ የሚሰማው ሬዲዮ ነው? ተዉት ይናገር፣ አይረብሸኝም።

ሰሞኑን ምን እያነበብኩ መሰለዎት? ከኢንተርኔት ቤት ስልኬ ላይ የጫንኩት ጽሑፍ አለ፣ ስለ ፋይበር። ያ ከአስፋልቱ ዳር የተቀበረው ገመድ የለም? በውስጡ የሚሮጠው ብርሃን ነው። አዲሱ ዓይነት መቀበያ ታዲያ የመጣውን ብርሃን ዝም ብሎ አያይም። የራሱን ብርሃን ይዞ ይጠብቅና ከመጣው ጋር ያዋህደዋል፤ መልእክቱን የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው። የራሱ ብርሃን የሌለውማ ምን ይሰማል… ይህን ስል ማንንም አስቤ አይደለም።

ቀጥሎ ማጉያ አለ። ብርሃኑ አንዳንዴ ደክሞ ይመጣል፣ አንዳንዴ በርትቶ። ሲደክም ማጉያው ራሱን ከፍ ያደርጋል፣ ሲበረታ ዝቅ ያደርጋል፤ ማንም ቁልፍ ሳያዞርለት። ለምን ቢሉኝ፣ ከኋላው የመጣውን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ክፍል አለ። ለእሱ ከበዛበት ጫፉ ይቆረጣል፣ ካነሰበት ሽሽሽ ከሚለው ጫጫታ አይለይም። ስለዚህ ማጉያው ሁልጊዜ ልክ ልኩን ያቀብለዋል። ድንቅ አይደል? እኔ እንዲህ ያለ ነገር ካነበብኩ እህል አያሰኘኝም።

ሳነበው ትዝ ያሉኝ አንድ ሰው አሉ። እርስዎ አያውቋቸውም። እዚሁ ዲላ ነው የሚኖሩት፣ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ አረንጓዴ ባርኔጣ ያደርጋሉ… እዚያ ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለው ያለ። አጋጣሚ ነው መቼም።

ለደካማ ድምፅ ያላቸው ጆሮ ግን ልዩ ነው። የወናጎዋን ኤልቤቴልን ላገባ ሳስብ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ የለመንኩት እሳቸውን ነው። በጆሯቸው ነበር የነገርኳቸው፣ እንዲያውም ግማሹን በምልክት። «ከኔና ካንተ አያልፍም ልጄ» አሉኝ። በማግስቱ የባጃጅ ሹፌር መንገድ ላይ አቁሞ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ወሬው ወናጎን አልፎ አሪቻ ሲደርስ፣ እዚያ ቡና ማጠቢያ ያለው አንድ ጎረምሳ ካልቀደምኩ ብሎ ሽማግሌ ማሰባሰብ ጀመረ። አንዲትን ሹክሹክታ ይህን ያህል አጉልቶ ማድረስ ለማን ተሰጥቷል? ፋብሪካ የሠራው ዕቃ እንኳ እዚህ አይደርስም።

በበረታ ፊት ዝቅ ማለታቸውን ደግሞ ይስሙልኝ። የኤልቤቴል አባት አቶ ጉግሳ ትልቅ ቡና ነጋዴ ናቸው፣ ሲናገሩ ግቢው ይናወጣል። የወናጎ እድር ድንኳንና ወንበርም በእሳቸው እጅ ነው። ባለፈው እሁድ ጠዋት የኔ ሽማግሌዎች ሦስት ሆነው ሄዱ። የነገሩኝ ከሦስቱ አንዱ፣ ጋሽ አብዱልአዚዝ ናቸው። እንደ ደንቡ ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆሙ፤ ግቡ ተቀመጡ ሲባሉም ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡምና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መሪው፣ እኚያ ባለ ባርኔጣው፣ ንግግር ጀመሩ። መሪ ሲናገር ሌላው ጣልቃ አይገባም፣ ያውቁታል። አቶ ጉግሳ «እህ?» ባሉ ቁጥር የመሪው ድምፅ ይባስ ወረደ። ትሕትና ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ጋሽ አብዱልአዚዝ ትከሻቸው ሥር ቆመው፣ «ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ሌላ አልሰማሁም» ይላሉ።

እስቲ በአቶ ጉግሳ ቦታ ይሁኑ። በጠዋት ሦስት ሰዎች ጋቢ ተከናንበው፣ ዓይናቸውን መሬት ተክለው፣ አንቀመጥም ብለው የእድር ዕቃ ያዥ ደጅ ላይ ቆመዋል። ምን ይበሉ? ብድግ ብለው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ማን ነው ያረፈው?» አሉ፣ በዚያ ድምፃቸው። የኔው ሰውዬ ንግግራቸው ስሜ ላይ ደርሶ ነበርና ደንግጠው «ገሪማ» አሉ። የዚያን ዕለት የተሰማችው ቃል እሷ ብቻ ናት።

አንድ ትልቅ ሰው አዝኖ ድንኳን ሲያወጣ ታዲያ ተሳስተዋል ይባላል? ነውር አይደለም? ተቀበሉ። ሽማግሌዎቼ አመስግነው ተቀበሉ።

እኔ ሱቄ ውስጥ የሰው ቴሌቪዥን ፈትቼ ቁጭ ብያለሁ። አንድ አይሱዙ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ጭኖ መጣና ሾፌሩ የሟቹን ቤት አሳየኝ አለኝ። ማን ሞተ ብዬ ብጠይቀው፣ «ገሪማ የሚሉት ቴሌቪዥን ጠጋኝ» አለ። ምን ላድርግ፣ የራሴን ድንኳን ተሸክሜ አወረድኩ።

ኤልቤቴል ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስታለቅስ ዋለች አሉ። እስከዚያ ቀን ትወደኝ እንደሆነ አላውቅም ነበር… ለዚህስ እኚያን ሰው ባላመሰግን ግፍ ይሆንብኛል። ደውዬ አለሁ ስላት ስልኩን ወርውራ ሸሸች።

አሁን የአሪቻው ልጅ ሽማግሌዎች የፊታችን እሁድ ይገባሉ። አባትዬው ለእነሱ እሺ ካሉ አለቀልኝ። የኔዎቹ ቅዳሜ ካልተመለሱ በቀር ማለት ነው። እኚያ ሰውም «የጀመርኩትን ሳልጨርስ አልቀርም» ብለዋል። መሪ ሽማግሌን ይቅሩልኝ ማለት ስድብ ነው፣ እኔ ደግሞ ሰው አልሳደብም። ግን የሰው እግር አንዳንዴ ያማል፣ አያምም እንዴ? ጋቢም ታጥቦ ሳይደርቅ ሊቀር ይችላል። ያ እዚያ ጓሮዎ የተሰጣው የባለቤትዎ ጋቢ እንኳ ገና ይንጠባጠባል። ማታ ደግሞ መልሰው ውሃ ቢነክሩት… ለጽዳቱ ብዬ ነው።

ሬዲዮው ጠፋ ልበል? አይ፣ ቀነሰ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ማጉያው ምንም ብርሃን ሳይመጣለት ሲቀር ራሱን እስከ ጥግ ከፍ ያደርግና የራሱን ሽሽሽ መልእክት መጣ ብሎ ያዳምጣል። ከውስጥ ማን ነው የሳለው? ይማርዎት ይበሉልኝ፣ ማንም ይሁኑ።

በሉ ልሂድ እትዬ መነን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ እኚያ ሰው ክፉ ቃል እንዳልወጣኝ እርስዎ ምስክሬ ነዎት። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ትልቁ ልጅዎም ተመርቆ መጥቶ የልቡን ሲያገኝ፣ እግዚአብሔር እንደ እሳቸው ያለ ድምፀ ለስላሳ ሽማግሌ ያዝዝለት። ድንኳኑን ገና አልመለስኩትም… ለእሱ ቀን ይሁነው ብዬ አጣጥፌ አስቀምጬለታለሁ።