ጎርጎራ ያልወረደው ሰው

ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ያን ቀን ጧት ወደ ባሕር ዳር ጀልባ ማረፊያ የወረዱት ዓሣ ሊገዙ ነበር። ዓሣው ቀረና መዲናን አገኙ። መዲና የነጋዴው የሙሀመድዘይን ልጅ ናት፤ ኮምፒዩተር ተምራ የመጣች። ምላሷ ስል ነው፤ ግን «እርስዎ» ሳትል ሰው አትወጋም።

«ጋሼ፣ ገብረ መስቀል ጎርጎራ ላይ ታሰረ» አለች።

«የጀልባ ነጂው? ምን አርጎ?»

«ሰው አስምጠሃል ተብሎ። የወረደው ሰው የተሳፋሪው ቁጥር ከተጻፈበት ወረቀት በአንድ አነሰ። ይኸው ሐይቁን በታንኳ እያሰሱ ነው። ወረቀቱን ያወጣው ደግሞ የእርስዎ አዲሱ ፕሮግራም ነው።»

ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ጢማቸውን ያዙ። ለሚሠሩበት የጀልባ መሥሪያ ቤት የመጣውን ማሽን የሚነካው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ ኮራ ይላሉ።

«የኔ ፕሮግራም ሰው አያሰምጥም። ጭነቱ ላይ አንድ ይጨምራል፤ እሱ የናፍጣው በርሜል ነው። ከዚያ ከሰው ጋር ይደምረዋል። በቃ።»

«እስቲ አጻጻፉን ያሳዩኝ።»

በከዘራቸው አሸዋው ላይ ጻፉ፦ ሰው+++ጭነት። «ሲ በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ሁለት የመደመር ምልክቶች ተጣብቀው ሲመጡ አንድ ጨምር ማለት ነው። የፊተኛው መደመሪያ፤ የኋለኞቹ የጭነቱ ናቸው።»

«እሱ ለእርስዎ ነው ጋሼ። ማሽኑ ሆዳም እንግዳ ነው። ከግራ ይጀምርና አፉ የቻለውን ይጎርሳል፤ ለሚቀጥለው ምን ተረፈ አይልም። የፊተኞቹን ሁለቱን ጎርሶ ለሰው ሰጣቸው። የቀረችው አንዷ መደመሪያ ሆነች። ደምሮ ሲያበቃ ሰው ላይ አንድ ጨመረ። በርሜልዎ ሰው ሆኖ ተሳፈረልዎት።»

«ምን እንደፈለግሁ አይገባውም?»

«አይገባውም። አምስት ቢደረድሩለትማ፣ ለያይቶ ቢያነበው ደህና ትርጉም እያለው፣ ሁለት ጎርሶ፣ ሁለት ደግሞ፣ ታንቆ ይቀራል። ክፍት ቦታ ይተዉለት፤ ወይ በቅንፍ ያጥሩለት።»

ይኼኔ ጋሼ ተቆጡ። «እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ብራና ፍየል ታርዶ ነው የሚገኘው። ባዶ ቦታ መተው ብክነት ነው እየተባልሁ ነው ያደግሁ።»

«እሺ። አባትዎ ሁለት ነጥብስ ይዘሉ ነበር?»

አባታቸው ለብራናው እየሳሱ እንኳ፣ ከቃል ቃል ሁለት ነጥብ ሳያኖሩ አያልፉም። ጋሼ አንዴ በልጅነታቸው ቢዘሉት፣ በመቃ ብዕሩ ጣታቸውን ተመትተዋል።

«አይዘሉም» አሉ ቀስ ብለው። «አንባቢ እንዳይሳሳት ነው ይሉ ነበር።»

«ማሽኑም አንባቢ ነው፤ ያውም አባትዎ ያልቀጡት።»

ጋሼ ሳቃቸው አመለጣቸው። ዓሣውን ረስተው ቢሮ ገቡ፤ ከፊተኛው መደመሪያ ኋላ ክፍት ቦታ ተዉ፤ ለእርግጠኝነት በቅንፍም አጠሩ። ማሽኑ ወረቀቱን እንደገና ሲያወጣው፣ የሰመጠው ሰው ወደ በርሜልነቱ ተመለሰ። ጎርጎራ ተደወለ፤ ነጂው ተፈታ።

ገብረ መስቀል ማግስቱን ማረፊያው ላይ ሲያገኛቸው፣ «ጋሼ፣ የሟቹን ስም ንገረን ብለው ልቤን አወለቁት» አላቸው። «ናፍጣ ነው እንዳልላቸው፣ እኔም አላወቅሁ።»

ቁጠባ መልካም ነው፤ ክፍት ቦታ ግን የሚያስከፍለው የለም። ጽሑፉን ዐይን ቶሎ ይለየዋል፣ ነገ የሚተካው ሰው አይደናገርበትም፣ ሆዳሙም ማሽን ድርሻውን ያውቃል። ጋሼም ለየመጣው ወጣት ይህንኑ የራሳቸው ግኝት አስመስለው ያስተምራሉ፤ መዲና ሰምታ ዝም ትላለች። ምን ቸገራት፣ ከዚያ ወዲህ ለጎርጎራ የተሳፈረ ሁሉ ይወርዳል።