የነጎድጓድ ዝምታ

የአሮጌው ከተማ ሰው ያቺን መኪና «ነጎድጓድ» ይላታል። ሾፌሯንም በስማቸው የሚጠራቸው ጠፍቶ «አባ ነጎድጓድ» ሆነው ቀርተዋል። ጎብኚ ጭነው በጠባቡ የድንጋይ ንጣፍ ብቅ ሲሉ ባለሱቁ ጨዋታውን ያቋርጣል፤ ልብስ ያሰጣችው ጭሱ ሳይቀድማት ልትሰበስብ ትሮጣለች። እሳቸው ግን ይህን ሁሉ እንደ አቀባበል ነበር የሚቆጥሩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ በጥንቱ የቅጥር በር ሥር ቀጥ አለች። አባ ነጎድጓድ ኮፈኑን ከፍተው፣ አንገታቸውን ቀብረው «አይዞሽ እቴ፣ በእንግዳ ፊት አታዋርጂኝ» እያሉ ሲያባብሏት፣ ከጀርባቸው «አጎቴ፣ ምን ሆነችብዎት?» የሚል ድምፅ ሰሙ። ደንግጠው ቀና ሲሉ ጭንቅላታቸው ከኮፈኑ ጋር ተጋጨ።

ኤሌክትሪክ የተማረችው የእህታቸው ልጅ ነበረች። ጣሪያዋ ሶላር የለበሰ ትንሽ መኪና ይዛ ኮሽታ ሳታሰማ ደርሳለች።

«አንቺ ልጅ ልትገድዪኝ ነው? ሰው ከኋላ ሲመጣ ይስላል እንጂ!»

«የእኔዋ አታስልማ፤ የምታስለው የእርስዎዋ ናት።»

ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ዋጡት። ለምን እንደመጣች ያውቃሉ። ከነገ ጀምሮ ጭስ የምታወጣ መኪና በዚህ በር አታልፍም። የሾፌሮች ማኅበር በፀሐይ የሚሄዱትን ለአባላቱ ሲያድል፣ አሻፈረኝ ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ደመና የሆነ ዕለትስ? ወርጄ ልግፋት?»

«ፀሐይ ሲወጣ ባትሪዋ ይጠግባል አጎቴ፤ ሲደምን ካስቀመጠችው ትበላለች። ነዳጅ ፍለጋ መሰለፍ ቀረልዎት።»

«ዳገቱንስ? ባዶሽን ነዋ የመጣሽው!»

«እንግዶችዎን እንጫናቸውና ይሞክሩኛ።»

«አፍ አላነሰሽም፤ የእናትሽ ልጅ!»

ይህን ሲባባሉ አንዲት ጎብኚ ወደ በሩ ቅስት አንጋጣ «የነገሩን የድንጋይ ወፍ የታለች?» ስትል ጠየቀች።

«እዚያ ነች... ከጥቁሩ ሥር» አሉ አባ ነጎድጓድ። ጥቁሩ ጥላሸት ነው። ከማን መኪና እንደወጣ የነገራቸው የለም፤ ጆሯቸው ግን ጋለ።

የእህታቸው ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጅ ሆኜ ትከሻዎ ላይ አውጥተው ያሳዩኝ ነበር። ያኔ ክንፏ ይታይ ነበር» አለች።

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠራረጉ። እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ የልብ ምክንያት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው።

«ስሚኝ ልጄ። እትዬሽ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የምታውቀኝ በዚች ጩኸት ነው። ከመታጠፊያው ስትሰማኝ ግድግዳውን እየዳሰሰች ተነሥታ በሩን ትከፍትልኛለች። ሌላውን ሁሉ ሰው ያግዛታል፤ በሩን ግን ለማንም አትሰጥም። እንደ ሌባ ሹልክ ብዬ ብመጣ በምን ታውቀኛለች?»

«ክላክስ ቢያሰሙስ?»

«ክላክስማ ሁሉም ያሰማል።»

ልጅቱ የመኪናዋን ቁልፍ መዳፋቸው ላይ አኖረች። «ዛሬን ብቻ ይንዷት» አለች በመጨረሻ። «እትዬ ካላወቁዎት ዳግመኛ አልነዘንዝዎትም።»

እንግዶቹን መንገድ ላይ መጣል ነውር ነውና መሪውን ያዙ። መኪናዋ ዳገቱን እንደ ዘበት ወጣችው። ልብስ ያሰጣችው ሴት አልሮጠችም። የልብስ ሰፊውን መኪና ኳኳታ፣ የርግቦቹን ክንፍ፣ ከአጥር ወዲያ የሚወርደውን ውኃ ሰሙ፤ ይህ ሁሉ በሰፈራቸው እንዳለ ረስተውት ነበር። እንግዶቹን ማረፊያቸው አድርሰው፣ የእህታቸውን ልጅ ከኋላ አስቀምጠው ወደ ቤት አቀኑ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ዝግ አሉ።

በሩ ክፍት ነበር። ሚስታቸው መቃኑን ይዘው ቆመዋል።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ከመታጠፊያው ጀምሮ እያንጎራጎርክ!»

«እኔ?»

«አንተ ነሃ! ልታገባኝ ስትመላለስ የምትዘፍናትን። የተውካት መስሎኝ ነበር።»

አባ ነጎድጓድ መሪውን እንደያዙ ቀሩ። «አልተውኳትም ለካ» አሉ። «በጩኸቷ እየዋጠችብኝ ኖሯል ያቺ ጉደኛ።» የእህታቸው ልጅ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

ነጎድጓድ ከዚያ ወዲህ በቅጥሩ በር አላለፈችም። ሰፈሩ ከጭስ ተገላገለ፤ ጆሮውን ይዞ ይሸሽ የነበረው ጎብኚ በየሱቁ ደጃፍ ቆም ብሎ መጫወት ያዘ፤ ጥላሸቱን ያጠቡት ባለሙያዎችም ድካማቸው በሳምንቱ አልጠቆረም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሽማግሌው ሚስታቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ያዞሯቸዋል። ቅስቱ ሥር ሲደርሱ ዝግ ይላሉ።

«ወፏ አለች?» ይላሉ ሚስታቸው።

«አለች። ክንፏን ዘርግታለች።»

«እንግዲያው ቀጥል» ይሏቸዋል፤ መንገዱን ይሁን ዘፈኑን፣ እሳቸው ሁለቱንም ይቀጥላሉ።